ሐዋሳ ወይስ ባሕር ዳር? ለሦስት ቀን እረፍት

ከአዲስ አበባ ወጥቼ ጭንቅላቴን ላሳርፍ ስል ሁሌም በነዚህ ሁለት ከተሞች መሃል እወላውላለሁ። ሐዋሳ ቅርብ ናት፤ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ። በጠዋት ከወጣህ ምሳህን ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ትበላለህ። ባሕር ዳር ግን በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ የመንገዱንም ሰላም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ኪስ ከፈቀደ።

ለእረፍት ብቻ ከሆነ እኔ ባሕር ዳርን እመርጣለሁ። ማለዳ ጣና ዳር ቁጭ ብለህ፣ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ውሃውን ሳይረብሽ ሲያልፍ እያየህ፣ ስልክህን መነካካቱን ራሱ ትረሳለህ። በጀልባ ዘጌ ተሻግረህ በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስትወጣ ደግሞ ጸጥታው ሌላ ነው። የሐዋሳም ሐይቅ ዳር ደስ ይላል፣ ቅዳሜና እሁድ ግን ሰው ይበዛዋል።

መመለሻውስ? ከሐዋሳ ስመጣ በዚያው ምሽት ጓደኞቼ እራት ይዘው ይጠብቁኛል። ከባሕር ዳር ስመጣ ግን የዘጌ ቡና ይዤ ነው። ባለፈው ቡናው ገና ሲቆላ ሁሉም ጭሱን በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው እየሳቡ «በል አሁን ከመጀመሪያው ንገረን» አሉኝ፤ በረካው ተጠጥቶም ወሬያችን አላለቀም።