«የጃፓን የቦንሳይ ቁስል መድኃኒት» የምትባለውን ጥቁር ጣሳ እንዳትገዙ

ቦንሳይ (በማሰሮ ትንሽ ሆኖ የሚያድግ ዛፍ) የምታሳድጉ ሁሉ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። በቴሌግራም «ከጃፓን የመጣ፣ የቅርንጫፍ ቁስል በ30 ቀን ድፍን የሚያደርግ» እየተባለች አንዲት ትንሽ ጣሳ በ1,800 ብር እየተሸጠች ነው። ይቅርባችሁ።

ክዳኗን ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው። ሬንጅ! መንገድ ሲነጠፍ የሚሸተው ያው ሬንጅ። የተለጠፈባት የጃፓን ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ነው፣ እርጥብ ጣት ሲነካው ቀለሙ ይለቃል። ወይራዬ ላይ ወፈር ያለ ቅርንጫፍ ቆርጬ እንደታዘዘው ቀባሁት። ፀሐይ ሲመታው ጠነከረ፣ ከዚያ ተሰነጣጠቀ፣ ክረምቱን ሙሉ በስንጥቁ ውሃ ገባ፣ የገባው ደግሞ መውጫ አጣ። በጥፍሬ ፈንቀል ሳደርገው ቡናማ ውሃ ወረደ። ከስሩ ያለውን እንጨት በስቴኪኒ ብነካው ሰተት ብሎ ገባ። ወይራ እኮ ነው፣ መጥረቢያ የሚፈትነው እንጨት!

ብሩ ያናድዳል፣ ግን ከብሩ በላይ የሚያናድደው ተስፋው ራሱ ውሸት መሆኑ ነው። የተቆረጠ እንጨት ተመልሶ አይገጥምም። ዛፉ ውስጥ ውስጡን የተጎዳውን ክፍል አጥሮ ከጤነኛው ይለየዋል፤ በውጭ በኩል ደግሞ ከቅርፊቱ ስር ካለችው ስስ ህያው ሽፋን፣ ካምቢየም ከሚሏት፣ አዲስ ጠርዝ እያበጠ ይመጣና ቀስ እያለ ቁስሉን ይሸፍነዋል። አሌክስ ሺጎ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ ዛፍ በቼይንሶው ለሁለት እየሰነጠቀ ያሳየው ይህንኑ ነው። ቁስል ላይ የሚቀባ ቀለም መበስበስን እንደማያቆምም የነገረን እሱ ነው። ትልቅ ቁስል ለመዘጋት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ በትንሽ ማሰሮ የታፈነ ዛፍ ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ምን ዓይነት 30 ቀን ነው ታዲያ?

እውነተኛ የጃፓን ቅባት የለም እያልኩ አይደለም። በእጅ የሚታሽ ለስላሳ አለ፣ በቱቦ የሚመጣም አለ፤ ቶፕሲን ኤም የሚባለው ፀረ ፈንገስ አለበት። ግን የእነሱም ሥራ ጠርዙ እንዳይደርቅ መጠበቅ ነው እንጂ ቁስል መዝጋት አይደለም። ለትንሽ ቁስልማ ጠርዙ ላይ ስስ ቫዝሊን የሚቀቡ አሉ፣ ይበቃቸዋል።

ብሩ ካላችሁ ስለት ያለው መቁረጫ ግዙበት። የደነዘዘ መቀስ ጠርዙን ይጨፈልቀዋል፣ የተጨፈለቀ ጠርዝ ደግሞ ይሞታል። ወደ ውስጥ ጎድጎድ አድርጎ የሚቆርጠው ዓይነት ቢሆን ደስ ይላል፣ ቁስሉ ሲዘጋ ጉብ ብሎ አይቀርም። ከዚያ ጠርዙን ዙሪያውን በንጹህ ምላጭ ማስተካከል። ፊከስ (የሾላ ዘመድ) ከሆነ ነጩ ወተት መፍሰሱን እስኪያቆም ታግሳችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ከቁስሉ በላይ ያለ ቀንበጥ ካለ ደግሞ ለጊዜው አትንኩት፣ ይደግ፤ ቁስሉን የሚዘጋው ቅጠሉ ሠርቶ የሚያወርደው ምግብ ነው።

ዛፍ ስትገዙም ንቁ። ግንዱ ላይ ጥቁር ነገር ወፍራም ሆኖ ከተለቀለቀ ሻጩ እንዲያነሳላችሁ ጠይቁና ከስሩ እዩ። «አይነካም፣ መድኃኒት ነው» ካላችሁ ትታችሁ ሂዱ፣ ብዙ ጊዜ ከስሩ የበሰበሰ አለ።

ጣሳዋን የሸጠልኝን ሰውዬ ብሬን መልስልኝ ስለው መጀመሪያ «አቀባብህ ነው» አለኝ፣ የእንጨቱን ፎቶ ስልክለት ብሎክ አደረገኝ። ቻናሉም ስሙን ቀይሯል። ማስታወቂያው ግን አልተቀየረም፦ «በፊት» የሚለው ፎቶ ላይ ቅጠሉ ቀጭን የሆነ ወይራ አለ፣ «በኋላ» የሚለው ላይ ቅጠለ ሰፊ ፊከስ ነው ያለው። ይህንን ፎቶ ያያችሁበት ቻናል ሁሉ የሱ ነው፣ ስሙን አትዩ።