ጥቁሩን «የወታደር» ቢላ ከመግዛታችሁ በፊት እጀታውን አስፈቱ

ወገኖች፣ ሰሞኑን ጎንደር ገበያ ላይ አንድ ቢላ በብዛት እየወጣ ነው። ስለቱ ጥቁር ነው፣ ጀርባው ላይ መጋዝ አለው፣ የእጀታው ክዳን ላይ ኮምፓስ ተገጥሞበታል። ክዳኑን ስትፈቱት ክብሪት፣ ክርና የዓሣ መንጠቆ ይወጣል። «የወታደር ነው፣ ዕድሜ ልክ አይሰበርም» እያሉ 2,800 ብር ይሉታል። እባካችሁ አትግዙት። በተለይ ስሜን ተራሮች የምትወጡ አስጎብኚዎች፣ ኩኮችና በቅሎ ነጂዎች ይሄን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ።

አብሮን የሚሠራ አንድ ልጅ ይሄንኑ ቢላ ገዝቶ ሳንቃበር ካምፕ ይዞት ወጣ። ከደባርቅ የጫንነውን ባህር ዛፍ ሊፈልጥ ስለቱን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ጀርባውን በዱላ መታ መታ አደረገው። ስለቱ ከእጀታው ተነቅሎ በጉልበቱ አጠገብ ተፈናጠረ። እግዚአብሔር አተረፈው፣ ጣቱን ብቻ ነው የጫረው። ከ3,200 ሜትር በላይ፣ በዚያ ብርድ፣ በጨለማ፣ ደም የሚያፈስ ሰው ይዞ ደባርቅ መውረድ ምን እንደሆነ የወጣ ያውቀዋል።

ልጁ ተመልሶ ባለሱቁ ጋ ሄደ። «አላግባብ ተጠቅመህበት ነው» አሉት። እኔን ያበሸቀኝ ይሄ ነው። እንጨት ይፈልጣል፣ ሚስማር ይቆርጣል ብለው የሸጡለት እነሱው ናቸው!

የተሰበረውን ይዤ አንድ ጋራዥ ሄድኩና እጀታውን በመጋዝ ቀደድነው። ስለቱ ወደ እጀታው የሚገባው አውራ ጣት እንኳን በማትሞላ ቀጭን ብረት ነው። እሷም በአንዲት ዳዶ ታስራለች። ቀሪው ባዶ ቱቦ ነው፣ ክብሪቱና መንጠቆው የሚቀመጥበት። ስትመቱ ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው እዚያች መጋጠሚያ ላይ ነው። ሁለተኛ አንድ ቢላ ደግሞ ያልተነካ አግኝተን ጫፉን ሞርሳ ላይ አሰርነውና ወደ ጎን ገፋ አደረግነው። ጥሩ ቢላ ትንሽ ይለመጥና ይመለሳል። ይሄ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የተሰበረበትን ቦታ በባትሪ አየነው፤ እንደ ጨው ፍሬ ሻካራና የሚያብረቀርቅ ነው። በደንብ የተሠራ ብረት ሲሰበር ውስጡ ደቃቅና ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው። ፍሬው እንዲህ ከተለቀ ብረቱ ሲሠራ ከልክ በላይ ግሏል ማለት ነው። ብረት ግሎ ዘይት ውስጥ ከተነከረ በኋላ እንደገና በመጠኑ መሞቅ አለበት። ያንን ደረጃ የዘለለ ፋብሪካ ስለታም ግን እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ቢላ ነው የሚያወጣው።

ሱቅ ውስጥ የሚያሳዩዋችሁ ፈተና እዚህ ላይ ምንም አይረዳችሁም። ወረቀት ይከትፋሉ፣ የክንድ ፀጉር ይላጫሉ። ያ የአፉን ስለት ያሳያል፤ ስለት ደግሞ ማንኛውም ርካሽ ብረት ላይ በመሳያ ድንጋይ ይወጣል። ኢንተርኔት ላይ ቢላ ሲሚንቶ ላይ የሚወጉትን ቪዲዮም ተዉት። ለእኛ የሚጠቅመው ፈተና ሦስት ነገር ያሳያል፦ በዱላ ሲመታ መጋጠሚያው ይላላል ወይ፣ ወደ ጎን ሲጫን ይመለሳል ወይ፣ ቋጠሮ ያለው እንጨት ከፈለጠ በኋላ አፉ ተሸርፏል ወይ። ጥፍራችሁን በስለቱ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ብታስኬዱት ሽራፊው ይይዘዋል።

ካርቶኑ ላይ «440 ስቲል» የሚል ታያላችሁ። 440 የማይዝግ ብረት ዓይነት መጠሪያ ነው፤ ብቻውን ግን ብዙ አይነግራችሁም። ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ዓይነቶች አሉት። ብረቱን የሚያጠነክረው ካርቦን ኤ ላይ ከ0.60 እስከ 0.75 በመቶ ነው፣ ሲ ላይ ከ0.95 እስከ 1.20 በመቶ ይደርሳል። ፊደሉን ያልጻፈ አምራች የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ ነው የማስበው። ፊደሉ ቢኖርም አሠራሩ ከተበላሸ ዋጋ የለውም።

ታዲያ ምን እንግዛ ለምትሉኝ፣ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ድረስ የሚሄድና ከሁለቱ እጀታዎች መሃል በዓይን የሚታይ ቢላ ፈልጉ። እኔ በበኩሌ ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩ ቀጥቃጮቻችንን እመርጣለሁ። የባሌስትራ ብረት መታጠፍና መመለስ ሥራው ነው። ብቻ ሲጨርሱ ግራይንደር ላይ አፉን እንዳያቃጥሉት ንገሯቸው። አፉ ሰማያዊ ከሆነ ልስልስ ብሏል፤ አትቀበሉት።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ደረሰኙን ፈልጉ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ቢኖርበትም አትደንግጡ። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ዕቃው ጉድለት ካለው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። እምቢ ካሉ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሱቅ ግን መጀመሪያውኑ አትግቡ።

በዚህ ሳምንት ወደ ሳንቃበርና ግጭ ካምፖች የምትወጡ ልጆች፣ ያ ቢላ ሻንጣችሁ ውስጥ ካለ ሽንኩርት ክተፉበት እንጂ እንጨት እንዳትፈልጡበት። ለእንጨቱ መጥረቢያ ጫኑ።