«ወንድ አድርጉልኝ» ለሚሉ አባቶች፦ የከዚራው ጂም ሲገመገም

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የድሬዳዋ ጂሞች በታዳጊ ይሞላሉ። ልጁን ይዞ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ አባት ነው፤ የሚለውም ያው ነው፦ «ይሄ ልጅ ልፍስፍስ አለብኝ፣ እስቲ ወንድ አድርጉልኝ አቦ!» ልጁ አጠገቡ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። አብዛኛው ጂም ገንዘቡን ተቀብሎ በማግስቱ ቤንች ላይ፣ ማለትም ተጋድመው ብረት የሚገፉበት አግዳሚ ላይ፣ ያጋድመዋል። ከዚራ ሰፈር ያለው ይህ ጂም ግን ለታዳጊዎች የራሱ አሠራር አለው፤ ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ የምንመርጠው እሱን ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብረት አይነካም። በሰውነት ክብደት ብቻ ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ፑሽ አፕና ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ቀጥ ብሎ መቆየት) ይሠራል፤ ቀጥሎ የእንጨት ዘንግ ይዞ ጀርባን ሳያጎብጡ መውረድና መነሳት ይለማመዳል። ከዚያ የሚሰጠው ባር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ክብ ብረት (ዲስክ) የሚገባበት ዘንግ፣ 10 ኪሎ ነው። የተለመደው ባር ባዶውን 20 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ራሱ 45 ኪሎ ለሆነ ጀማሪ መነሻ አይሆንም። ስልጠናው በሳምንት 3 ቀን ነው፣ አንድ ቀን እየዘለለ፤ በየእንቅስቃሴው 2 ወይም 3 ዙር፣ በዙር ከ10 እስከ 15 ጊዜ። 15ቱን በሁለት ተከታታይ ስልጠናዎች ሳይንገዳገድ ከጨረሰ ክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጨመራል። ጂሙ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ዲስክ አለው። ትንሹ ዲስክ 2.5 ኪሎ በሆነበት ቤት ግራና ቀኝ ሲገባ 5 ኪሎ ይሆናል፤ ባለ 10 ኪሎው ባር በአንድ ጊዜ በግማሽ ከበደ ማለት ነው። ልጁ ባለፈው በትክክል ያነሳውን ዛሬ እየተጣመመ የሚያነሳው በዚህ ዝላይ ነው።

ዋናው ደንብ ግን አባት አዳራሹ ውስጥ አይገባም የሚለው ነው። ብዙዎች ይቆጣሉ። ምክንያቱን ማየት የፈለገ ሌላ ጂም ሄዶ ቤንቹን ይመልከት፦ አባት ከራስጌ ቆሞ «ጨምርበት! ወንድ አይደለህ?» ሲል ልጁ መቀመጫውን ከቤንቹ ያነሳል፣ ባሩን ደረቱ ላይ ያነጥራል፣ አንደኛው ክርኑ ሳይዘረጋ ይቀራል። ትከሻና የእጅ አንጓ የሚጎዱት እንዲህ ነው። ብረት ማንሳት ቁመት ያስቀራል የሚባለው ልክ አይደለም፤ አሰልጣኝ እያየው በልኩ ከሠራ ይጠቅመዋል። የሚያሰጋው ከአቅም በላይ የሆነውን በተበላሸ አኳኋን ማንሳት ነው፤ በዚህ ዕድሜ የአጥንቱ ጫፍ ላይ ያለው የሚያድግ ክፍል ገና አልጠነከረም። ደግሞም «ወንድ ልጅ አመመኝ አይልም» ተብሎ ያደገ ልጅ አባቱ ፊት አይናገርም። ከጉልበት ሎሚ በታች የሚሰማ ሕመም በፍጥነት በሚያድጉ ልጆች ላይ የተለመደ ነው፤ በጊዜ ከተናገረ ስኳቱና ዝላዩ ተቀንሶለት ይቀጥላል፣ ከደበቀ ለወራት ሊያስቀምጠው ይችላል።

አሰልጣኞቹ ለዚህ ጥሩ ዘዴ አላቸው። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ልጁ ተጨማሪ ስንት ጊዜ መድገም ይችል እንደነበር በጣቱ ያሳያል። ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከሆነ ክብደቱ ልክ ነው፤ ምንም ካላወጣ ይቀነሳል። ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ሦስት የሚያወጣም አለ፤ ያኔ አሰልጣኙ ጣቱን ትቶ ባሩን ያያል፣ መጨረሻው ላይ ከተጎተተ ዲስክ ይወርዳል። «ከበደኝ» ለማለት ለሚያፍር ልጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ለአባት ደግሞ ምዝገባው ላይ እውነቱ ይነገረዋል፦ ጉርምስና ገና የጀመረው ልጅ መጀመሪያ የሚያገኘው ጉልበት ነርቮቹ ጡንቻውን ማዘዝ ስለሚለምዱ የሚመጣ ነው። በሁለት ወር የሚያነሳው ጨምሮ መስታወት ፊት ግን ያው ልጅ ሊሆን ይችላል። ቤት ሲገባ «ገንዘቤን በላህ» የሚባልበት ምክንያት የለም።

ጉድለቱ ቀላል አይደለም። ግድግዳው ላይ ከሁሉ የበለጠ ያነሳው ስም የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ፤ አዳራሹ ውስጥ የተከለከለውን አባት በሰሌዳ መልሶ ማስገባት ነውና ይነሳ። መግቢያው ላይ የሚሸጠው የፕሮቲን ዱቄት ለታዳጊ አያስፈልግም፤ ሁለት እንቁላል 12 ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ እፍኝ የባቢሌ ኦቾሎኒ 7 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፣ ሽሮና ምስሩ ሳይቆጠር። ለጡንቻ ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የሆርሞን መርፌና ክኒን ጂሙ ቢከለክልም በጽሑፍ አልለጠፈም። መለጠፍ አለበት፤ ያ መድኃኒት የአጥንትን ዕድገት ያለጊዜው ሊዘጋ፣ ልጁንም አጭር አድርጎ ሊያስቀረው ይችላል። ከበርጫ ተነስተው የሚመጡ ትልልቅ ልጆችንም በር ላይ የሚመልስ የለም። ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ይቀንሳል፤ በድሬ ሙቀት ላይ ብረት ሲጨመርበት አደጋ ነው።

አየር ማስገቢያው ደካማ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ አትላኩት፤ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ያለው ፈረቃ ይሻላል። ሚዛኑ በሩ አጠገብ ነው፤ ሲገባና ሲወጣ ይመዘን፣ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ቢያንስ አንድ ሊትር ውሃ ቀስ እያለ ይጠጣ። የምዝገባ ቅጹ ላይ «የመጣሁት ለምንድን ነው?» የሚል መስመር አለ፤ ልጁ በራሱ እጅ ካልሞላው አይቀበሉም። «ለኳስ» ብሎ የጻፈ ልጅ ቤንቹ ይቀነስለትና እግርና ሩጫ ይበዛለታል፣ አባቱ ደረት ቢፈልግም።