በጠጉር ላይ አልትራሳውንድ ለሚያነሳ ሐኪም ገንዘባችሁን እንዳትሰጡ

አሁንም ደሜ እየፈላ ነው የምጽፈው። ፈረስ ያላችሁ ሁሉ እባካችሁ አንብቡት። እነዚህን ክሊኒኮች ታውቋቸዋላችሁ፤ በራቸው ላይ «ዘመናዊ አልትራሳውንድ» ብለው ይለጥፋሉ፣ ሂሳቡን አስቀድመው ይቀበላሉ፣ ጥያቄ ሲጠየቁ ግን ፊታቸው ይቀየራል።

የባዝራዬ የግራ የፊት እግር ከጉልበቷ በታች፣ በስተኋላ በኩል አብጦ ነበር። ሲነካ ይሞቃል፣ ጫን ሲሉት ትመነጭቃለች። ጅማቷ ይሆናል ብዬ ወሰድኳት። ሰውዬው ጠጉሩን አልላጨ፣ እግሯን አላጠበ፤ ጄል ጠብ አድርጎ ለሆድ ምርመራ የሚሆነውን ቆልማማ ፕሮብ (ቆዳ ላይ የሚደረገውን የማሽኑን መሣሪያ) አነሳና አንድ ቦታ ላይ ለጠፈው።

«ጠጉሩ አይላጭም እንዴ?» አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ሐኪሙ አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አለና ወደ ረዳቱ ዞሮ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ። ቀኙን እግሯንም አይተህ አነጻጽርልኝ ስለው «የተከፈለው ለአንድ እግር ነው» አለኝ። ከዚያ ጓንቱን እያወለቀ፣ «ጅማቷ ሰላም ነው፣ ጡንቻ ነው የተሳባት። ቀስ እያልክ አሠራት» ብሎ ሸኘኝ። ምስሉን ስጠኝ ስል ማሽኑን አጥፍቶታል።

በእሱ ቃል ሥራ ጀመረች። ብዙም ሳትቆይ ጭራሽ እግሯን መርገጥ አቃታት።

ሌላ ሐኪም ጋ ስወስዳት ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ሰው ቃል ሰምታ ደነገጠች። ፈረስ ከጉልበቱ በታች ጡንቻ የለውም ማለት ይቻላል፤ ያለው አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ነው! ታዲያ የቱ ጡንቻ ነው የተሳበው? እሷ ላጨች፣ አጠበች፣ ለጅማት የሚሆነውን ቀጥ ያለ ባለ ከፍተኛ ድግግሞሽ ፕሮብ ይዛ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ደረጃ በደረጃ አየች፤ በአግድምም በቁመትም፣ ሁለቱንም እግር። በጠጉር መሀል የሚቀረው አየር የአልትራሳውንዱን የድምፅ ሞገድ ስለሚመልሰው ያለ መላጨት የሚታየው ጭጋግ ነው አለችኝ። ስክሪኑ ላይ ለቆዳ ቅርብ በሆነው ጅማት መሀል ጥቁር ቀዳዳ ነበር። ጤነኛው እግር ላይ ክሮቹ በቁመት ሲታዩ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል፣ የተጎዳው ላይ ተበጣጥሰዋል። አሁን ከ9 እስከ 12 ወር እረፍትና ቁጥጥር ያለው እርምጃ ያስፈልጋታል፣ ድናም ቢሆን እዚያው ቦታ ላይ መልሶ የመጎዳት ዕድሏ ከፍተኛ ነው። ያ ሰው በሳቀበት ሰዓት ሥራ ቢያስቆማት ኖሮ ጉዳቱ እዚህ ባልደረሰ!

ገንዘቤን ስጠይቅ «ምርመራው ተደርጓል» ነው መልሳቸው።

ካልላጨ፣ ሁለቱን እግር ካላየ አትክፈሉ። ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊሰፋ ስለሚችል ቶሎ የታየ ጅማት «ሰላም ነው» ቢባልም እብጠቱ ካለ ከሳምንት በኋላ ይደገምላችሁ፤ እስከዚያው አታሠሯቸው። ምስሉንም ሳትቀበሉ አትውጡ።