ስድስት ኩባያ፣ አንድ ዓይነት የአውራ ጣት ምልክት፦ “የአርቲስት ሥራ” እየተባለ ከሚሸጠው ተጠንቀቁ

ወገኖቼ፣ ለሠርግ፣ ለምርቃት ወይም ለአዲስ ቤት ስጦታ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ሳታነቡ ብር አትክፈሉ። መሃል አዲስ አበባ ላይ፣ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወርዶ እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባለው አካባቢም ሆነ በቴሌግራም፣ አንዳንድ ሻጮች የፋብሪካ ሴራሚክ “በአርቲስት እጅ የተሠራ፣ አንድ ብቻ” እያሉ እየሸጡ ነው። ዋጋው የአርቲስት ነው። ዕቃው በካርቶን ተጭኖ የመጣ ነው።

እኔ የገዛሁት የስጦታ ሳጥን ነው። ውስጡ ስድስት የሻይ ኩባያ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የስፌት የግድግዳ ጌጥ እና አንድ ትልቅ ባለ ፎቶ አዲስ መጽሐፍ አለ። ሳጥኑ ራሱ ያምራል። ከላይ “ከቀጨኔ የሸክላ ባህል የተቀዳ፣ እያንዳንዱ ኩባያ ከሌላው የተለየ” የሚል ካርድ ተያይዟል። ቀጨኔ በሸክላ ሠሪዎቹ የሚታወቅ የአዲስ አበባ ሰፈር ነው። ሻጯ አንዱን ኩባያ አንስታ ከእጀታው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ስርጉድ አሳየችኝ። “ይቺ የሠሪዋ አውራ ጣት ያረፈባት ናት” አለችኝ። ደስ ይላል፤ ማንም ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር ጥሩ ዋጋ ይከፍላል።

ቤት ወስጄ ስድስቱንም ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ስርጉዷ በስድስቱም ላይ አለች። ያው ቦታ፣ ያው ጥልቀት፣ ያው ዘመም ማለት። ከከንፈሩ በታች እንደ እንባ የወረደችው የቀለም ጠብታም በስድስቱም ላይ እኩል ቦታ ላይ ቆማለች። የሰው ጣት እንዲህ አይደግምም። ፎርማ (ጭቃው ቅርጽ የሚይዝበት ማውጫ) ግን አንድ ጊዜ የተጫነበትን ምልክት ሺህ ጊዜ ይገለብጣል።

ገልብጬ ሥሩን አየሁ። በእያንዳንዱ ኩባያ ሥር አቧራ የያዘ አራት ማዕዘን የማስቲሽ ቅሪት አለ። ስቲከር ነበረበት፤ ተፍቆ ተነስቷል። የአበባ ማስቀመጫው ሥር ደግሞ ከመጠበሱ በፊት የተጫነ የሞዴል ቁጥር አለ። ለ“አንድ ብቻ” ዕቃ የሞዴል ቁጥር ምን ይሠራለታል?

አሠራሩን ማወቅ ስለሚጠቅማችሁ ትንሽ ላብራራ። ፋብሪካ ውስጥ እንደ ወፍራም ወተት የቀጠነ ጭቃ ባዶ የጄሶ ፎርማ ውስጥ ይፈሳል። ጄሶው ውሃውን ይመጠዋል። ከፎርማው ግድግዳ ጋር የተጣበቀው ጭቃ ይጠነክራል፤ ትርፉ ይደፋል። ፎርማው ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቁራጭ የተገጣጠመ ስለሆነ መጋጠሚያው ዕቃው ላይ ቀጭን መስመር ያስቀራል። መስመሩ ይፋቃል፣ በስፖንጅ ይታሻል፤ ሁልጊዜ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጥፍራችሁን በእጀታው ጎን ቀስ ብላችሁ አስኪዱት። የእኔ ኩባያዎች ላይ ከላይ እስከ ታች ይሰማል።

ሠሪው ጭቃውን እያሽከረከረ በእጁ በሚቀርጽበት መሽከርከሪያ ላይ የተሠራ ዕቃ ሌላ ነገር ያሳያችኋል። እጃችሁን ወደ ውስጥ ስታስገቡ ጣት እየተጠማዘዘ ያለፈበትን መስመር ታገኛላችሁ። ሥሩ ላይ ጭቃውን ከመሽከርከሪያው የቆረጠው ሽቦ የተወው ቅስት ይኖራል፣ ወይም በመፋቂያ የወጣ ክብ እግር። ሁለት ኩባያ በሁለት እጅ ስትይዙ ክብደታቸው ትንሽ ይለያያል። ሥዕል ካለበት በስልካችሁ ካሜራ በደንብ አቅርባችሁ እዩት። ብሩሽ ከሆነ ቀለሙ የወፈረበትና የሳሳበት ቦታ አለ። ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች ካያችሁ ግን የታተመ ሥዕል ነው የተለጠፈበት።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ፎርማ መጠቀም ነውር የለውም። ብዙ አርቲስቶች ራሳቸው ፎርማ ቀርጸው በጥቂት ቁጥር ያመርታሉ፤ “በፎርማ የተሠራ ነው” ብለውም ይነግሯችኋል። የፋብሪካ ዕቃም ቢሆን በፋብሪካ ዋጋ ከተሸጠ ጥሩ ዕቃ ነው። እኔን ያናደደኝ ስሙ ነው። ያልሠራ ሰው ስም፣ ይባስ ብሎም የቀጨኔ ስም ተለጥፎበት መሸጡ።

የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች መሽከርከሪያ እንኳ አይጠቀሙም። ጭቃውን በእጃቸው ነው የሚገነቡት። ሲጠነክር በለስላሳ ድንጋይ ይወለውሉታል፤ ከዚያ ሜዳ ላይ በእንጨትና በቅጠል ይጠብሱታል። አንድ ጀበና ሆዱ በአንድ በኩል ጠቆር፣ በሌላው ቀላ ብሎ የምታዩት እሳቱ እኩል ስላልላሰው ነው። የሚያብለጨልጭ ነጭ ልባስ (ሸክላው ላይ ተቀብቶ በእሳት እንደ መስታወት የሚሆን ሽፋን) የዚህ ባህል አካል አይደለም። የእኔ ኩባያዎች ደግሞ ነጭ ናቸው፣ እንደ መስታወት ያንጸባርቃሉ፣ በየትኛውም ጎናቸው ቀለማቸው አንድ ነው። እነዚያ እናቶች ጀበናቸውን በስንት ክርክር በሚሸጡበት ከተማ፣ ሌላው በእነሱ ስም የካርቶን ዕቃ በውድ ይቸበችባል። ይህ በጣም ያሳዝናል።

ትክክለኛው የአርቲስት ሴራሚክ ውድ የሚሆንበት ምክንያት አለ፤ እሱን መክፈል አትፍሩ። ጠንካራው ዓይነት በ1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢና ከዚያ በላይ ነው የሚጠበሰው። ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። ምድጃው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ መብራት በመሃል ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከምድጃ ከወጣው ውስጥ የሚጣል አለ። ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው ዋጋ ሲጠራ ይገባኛል።

ከገንዘቡ በላይ አንድ የጤና ጉዳይ አለ። በዝቅተኛ ሙቀት የተጠበሱ፣ ደማቅ ቀለም ያላቸው አንዳንድ ልባሶች እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዙ ይችላሉ። እርሳሱ በተለይ ከአሲዳማ ነገር ጋር ሲቆይ ወደ ምግቡ ይወጣል፤ ሎሚ የተጨመረበት ሻይ፣ የቲማቲም ስጎ፣ ኮምጣጤ። ለልጆች ደግሞ ትንሹም አደገኛ ነው። ሠሪው የሚታወቅ ከሆነ ምን ልባስ እንደተጠቀመ ትጠይቁታላችሁ። ስቲከሩ የተፋቀ ዕቃ ሲሆን ማንን ትጠይቃላችሁ? እኔ ኩባያዎቹን ለመጠጥ አልተጠቀምኩባቸውም፣ አልጠቀምባቸውምም።

ወደ መጽሐፉ ልምጣ። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር፤ “ሲከፈት ይቆሽሻል” ብለው ሱቅ ውስጥ እንዲከፈት አልፈቀዱም። ቤት ስከፍተው ሽፋኑ የሚያምር ባለ ቀለም፣ ውስጡ የኮፒ ኮፒ ነው። ፎቶዎቹ ጨልመዋል፤ የአንዳንዱ ገጽ የዳር ፊደላት በመቁረጫው ተበልተዋል። መሃሉ ላይ ገለጥ ሳደርገው ማስቲሹ ተሰነጠቀና ሁለት ቅጠል ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ጀርባው ላይ የታተመውን ዋጋ ሌላ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ሸፍኖታል። የወረቀት ዋጋ በመናሩ ዋጋ መቀየሩ በየመጻሕፍት መደብሩ የተለመደ ስለሆነ በዚያ ብቻ ማንንም አልከስም። ያለ ደራሲው ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ ግን ስርቆት ነው፤ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው። ውድ መጽሐፍ ስትገዙ የተከፈተ ናሙና ይምጣልኝ በሉ። መሃሉን ክፈቱ፣ ፎቶዎቹን እዩ፣ የአሳታሚውን ገጽ አንብቡ። ለገሃር አካባቢ ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጡት ልጆች እንኳ ገልጣችሁ እንድታዩ ይፈቅዱላችኋል።

የስፌቱ ጌጥም ያው ነው። ስንደዶና አክርማ ደረቅ ሣር ሣር ይሸታል፤ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። የእኔው የላስቲክ ክር ነው።

ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቅኩት “ሠሪዋ ማን ናት?” ብዬ ነው። “ስሟ እንዲጠቀስ አትፈልግም” አሉኝ። እስቲ አስቡት፤ ሥራዋን የምትሸጥ አርቲስት ስሟ እንዳይታወቅ የምትፈልገው ለምንድን ነው? ሠሪ ዕቃው ሥር ይፈርማል ወይም ምልክቱን ይጭናል፤ ሌላ ሥራውን ማየት ትችላላችሁ፣ ስቱዲዮው የት እንደሆነ ይነገራችኋል። ለዚህ ነው ከሁሉም በፊት ይህን ጥያቄ ጠይቁ የምለው። መልስ ከሌለ የአርቲስት ዋጋ አትክፈሉ። የፈለገ ቢያምር።

ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ያለውን “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚል ወረቀት አሳዩኝ። ይህን ወረቀት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አይተን አንገታችንን ደፍተን እንወጣለን። አትውጡ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ስለ ዕቃው ምንነትና ምንጭ አሳሳች መረጃ መስጠትም በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም።

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። “በደረሰኝ ከሆነ ቫት 15 በመቶ ይጨመራል፣ ያለ ደረሰኝ ላስተካክልልሽ፣ ላስተካክልልህ” ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ያቺን ትንሽ ብር ለማትረፍ ብላችሁ የመከራከሪያ ወረቀታችሁን ነው የምትሸጡት። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው። ደረሰኙ ላይ ምን እንደተጻፈም አንብቡ። የእኔው “ልዩ ልዩ ዕቃ” ይላል፤ ስለዚህ “በእጅ የተሠራ ብለን አልሸጥንም” ለማለት አላፈሩም። እንደ እድል ሆኖ ካርዱን አልጣልኩትም፣ የቴሌግራም ማስታወቂያቸውንም ፎቶ አንስቼ አስቀምጫለሁ። በቴሌብር ስትከፍሉ ደግሞ የተቀባዩን ስም እዩ። የሱቁ ስም ሳይሆን የግለሰብ ስም ከመጣ ከመላካችሁ በፊት ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ቀብድ ልካችሁ “አርቲስቷ እየሠራችው ነው” እየተባለ መጠበቅማ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የሱቁን ስም ያልጻፍኩት አቤቱታዬን ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስገብቼ ውሳኔ እየጠበቅኩ ስለሆነ ነው። ተመሳሳይ ሳጥን የገዛችሁ ወይም በስጦታ የደረሳችሁ ካላችሁ ኩባያዎቹን ደርድሩና ስርጉዷን እዩ። ካገኛችኋት ሥሩን ፎቶ አንሱ፤ ካርዱን፣ ሳጥኑንና ደረሰኙን አትጣሉ። 15ቱ ቀን ካላለፈ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የደብዳቤውን ቅጂ ተቀበልን ብለው እንዲፈርሙበት አድርጉ። እምቢ ካሉ ያንኑ ይዛችሁ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ሂዱ።