«የግል አሠልጣኝ» አለው ስለተባለው የኦንላይን ክብደት መቀነሻ ፕሮግራም ማስጠንቀቂያ

ይህን የምጽፈው፣ በተለይ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የምትገኙና «በ12 ሳምንት አዲስ ሰው» የሚል ማስታወቂያ በየቀኑ በስልካችሁ የሚመጣባችሁ ሰዎች፣ ካርዳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የደረሰብኝን እንድታውቁ ነው። አሠራሩ የአንድ ድርጅት ብቻ ስላልሆነ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። የሸጡልኝ ነገር ተነሳሽነት ነው። የሚበላውንና የማይበላውን አብዛኞቻችን እናውቃለን፤ የሚጎድለን በየቀኑ የሚከታተለንና ሲደክመን የሚያበረታታን ሰው ነው። ማስታወቂያውም ያንን ሰው እንደሚሰጠኝ ቃል ገባልኝ።

ምዝገባው የሚጀምረው ረጅም መጠይቅ በመሙላት ነው። ጥያቄዎቹ ብዛት ስላላቸው የእናንተን ጉዳይ የሚያጠና ሰው ያለ ይመስላል። የእኔን ሞልቼ ስጨርስ ታናሽ እህቴ በራሷ ስልክ ሞከረችው፤ ቀጭን ብትሆንም፣ እደርስበታለሁ ያለችውን ክብደት ሆን ብላ ዝቅ አድርጋ ጻፈች። ቁመትንና ክብደትን በሚያነጻጽረው መለኪያ፣ በቢኤምአይ፣ ከ18.5 በታች የሆነ አዋቂ ክብደቱ ከሚገባው በታች ነው ይባላል፤ የእሷ ግብ ወደ 16 የሚያወርዳት ነበር። ፕሮግራሙ «ድንቅ ግብ ነው!» አላትና ለእኔ ያሳየኝን ቁልቁል የሚወርድ የክብደት ግራፍ ለእሷም አሳያት። ከሥሩ ቅናሹ ሊያበቃ 15 ደቂቃ እንደቀረው የሚቆጥር ሰዓት ነበረ። ገጹን ዘግቼ ስከፍተው ቆጠራው እንደገና ከ15 ጀመረ። ይህን ሁሉ እያየሁ የ3 ወር ከፈልኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ቀነስኩ፤ ለማን ልንገር አልኩ። ዘግይቼ እንደተረዳሁት የሄደው በአብዛኛው ውሃ ነበር። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችት አለው፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ በድንገት ሲቀነስ ክምችቱ ይሟጠጣል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል፤ አመጋገቡ ሲላላ ሁለቱም ይመለሳሉ። ገንዘብ የማስመለሻው ጊዜ 14 ቀን ብቻ የሆነው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ሚዛኑ ደስ በሚያሰኝባቸው ቀናት ገንዘቡ ይመለስልኝ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? እኔ ቅሬታ ማንሳት የጀመርኩት በአምስተኛው ሳምንት፣ የሚዛኑ መርፌ አልንቀሳቀስ ብሎ ሲቆም ነው።

ወደ «የግል አሠልጣኙ» ልምጣ። በየጠዋቱ በ1 ሰዓት ስሜን ጠርቶ «ትናንት ከራስህ ጋር ያደረግከውን ትግል አይቻለሁ፣ ኮርቼብሃለሁ» የሚል መልእክት ይደርሰኝ ነበር፤ አንዳንድ ቀን እንባዬ እስኪመጣ ድረስ ይነካኝ እንደነበር አልደብቅም። በሦስተኛው ሳምንት አብሮኝ የሚሠራ ልጅ እሱም እንደተመዘገበ ነገረኝና ስልኮቻችንን ጎን ለጎን አስቀምጠን አነጻጸርን። ከስማችን በስተቀር ቃል በቃል አንድ ዓይነት መልእክት፣ በአንድ ደቂቃ የተላከ ነበር። እሱ ደግሞ በዋዜማው አፑን ጨርሶ አልከፈተውም። በሌላ ቀን ከወንበር ስነሳ ራሴን እንደሚያዞረኝ ጻፍኩለት። መልሱ ወዲያውኑ መጣ፦ «ድካም ማለት ስብ እየቀለጠ ነው! ወደፊት!» ይህ ለእኔ ከገንዘቡ በላይ የከበደኝ ነው፤ ምክንያቱም ምግብ አሳንሶ የሚያዞረው ሰው ፕሮግራሙን ማቆም እንጂ መበርታት አይደለም የሚያስፈልገው።

የቡድን ቻቱም በየሳምንቱ ደረጃ ያወጣል፤ የጨመረ ሰው ስሙ በቀይ ከታች ይሰፍራል። ሰዎች ከመመዘናቸው በፊት አንድ ቀን ሙሉ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ እንደሚቆዩ እንደ ብልሃት ይነጋገሩ ነበር፤ የሚከለክላቸውም አልነበረም።

ክብደቴ ሲቆም «ስብ የሚያቃጥል» እንክብል በተጨማሪ ክፍያ ቀረበልኝ። አልገዛሁም፤ እናንተም አትግዙ። ሲቡትራሚን የተባለው የማቅጠኛ መድኃኒት በልብ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት በ2010 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ከወጣ በኋላም፣ «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ለማቅጠኛ ተብሎ በኢንተርኔት የሚሸጠው ዲኤንፒ የተባለ ኬሚካል ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ከቁጥጥር ውጭ በማድረግ ሰው የገደለ መርዝ ነው።

አፑን ከስልኬ ሳጠፋው ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ወር ከሒሳቤ ለሌላ 3 ወር ተቆረጠ። አፕ ማጥፋት ሰብስክሪፕሽን (በየጊዜው በራሱ የሚታደሰውን ክፍያ) አያቋርጥም፤ የከፈላችሁት በስልካችሁ የአፕ መደብር በኩል ከሆነ ከዚያው የሰብስክሪፕሽን ዝርዝር ውስጥ ማቋረጥ፣ ካርዳችሁን በድርጅቱ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ከሆነ ግን ለድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቃችሁ ስክሪንሾት ማስቀመጥና ለባንካችሁ መንገር ይኖርባችኋል። ይህ የእኔ ብቻ ቅሬታ አይደለም፤ ኑም የተባለው ትልቅ የክብደት መቀነሻ አፕ (የእኔ ሌላ ነው) በራሱ ስለሚታደሰው ክፍያ በአሜሪካ የቀረበበትን የተጠቃሚዎች ክስ በ2022 በ56 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብና 6 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ የነጻ አገልግሎት ካሳ ለመጨረስ ተስማምቷል።

የኦንላይን ፕሮግራም ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው እያልኩ አይደለም። በ2003 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ሰዎችን በኢንተርኔት ሲከታተል፣ በኢሜይል ከአማካሪ ምላሽ ያገኙት በዓመት 4.4 ኪሎ፣ ያለ አማካሪ ተመሳሳዩን ፕሮግራም የተከታተሉት ደግሞ 2 ኪሎ ቀንሰዋል። በ2015 የታተመው፣ ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆናቸው 365 ወጣቶች የተሳተፉበት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ፣ የስልክ አፕ የተሰጣቸው ከ2 ዓመት በኋላ በወረቀት መረጃ ብቻ ከተሰጣቸው የተሻለ እንዳልቀነሱ አሳይቷል። ስለዚህ ከዋጋውም ከግራፉም በፊት መጠየቅ ያለበት፣ በወዲያኛው በኩል ሰው አለ ወይስ የለም የሚለው ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ ጤናማ ፍጥነት ተብሎ በሚመከርበት ጊዜ፣ ከዚያ እጥፍ ድርብ የሚገባላችሁን ቃል ሳታነቡ እለፉት።

ከዚህ በኋላ ለሦስት ሌሎች ፕሮግራሞች፣ ሳልከፍል፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ላክሁ፦ «ምግብ ስቀንስ ያዞረኛል፤ ምን ላድርግ?» ሁለቱ በሰከንዶች ውስጥ የመክፈያ ሊንክ ላኩልኝ። ሦስተኛው በማግስቱ ነው የመለሰው፤ በየቀኑ ምን ያህል እንደምበላና የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠይቆኝ፣ ሐኪም ሳያየኝ እንደማይመዘግበኝ ጻፈልኝ።