የኤልኢዲ ፍሬቻ ለቸኮለባችሁ ሁሉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሶማሌ ተራ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሺያን አለ፤ ኮሮላዬን እንዳስተካከለልኝ ከልቤ አመሰግነዋለሁ። የፍሬቻ አምፖሎቹ በኤልኢዲ ከተቀየሩ በኋላ ፍሬቻው ቶሎ ቶሎ ይል ነበር። በየቦታው የሚሰጠው መልስ «ሬዚስተር ቀጥልበት» ነው፤ ሬዚስተር ኤልኢዲው የማይስበውን ኤሌክትሪክ በምትኩ የሚስብ ዕቃ ነው። እሱ ግን ሽቦ ሳይቆርጥ መጀመሪያ ምክንያቱን ፈለገ።

በአንድ በኩል ያሉት የፊትና የኋላ አምፖሎች እያንዳንዳቸው 21 ዋት፣ የጎኑ ደግሞ 5 ዋት ናቸው። አንድ ላይ በ12 ቮልት ወደ 4 አምፔር ይስባሉ። ኤልኢዲ የሚስበው ከዚህ በጣም ያነሰ ስለሆነ ፍላሸሩ፣ ማለትም ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ፣ አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል፤ የሚቸኩለውም ሾፌሩን ለማስጠንቀቅ ነው።

አሮጌዎቹን አምፖሎች መልሶ ሲያስገባ ፍጥነቱ ተስተካከለ፤ ጥፋቱ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ማነስ መሆኑ በዚህ ታወቀ። የቀኝ ኋላው ፍሬቻ ሲበራ ግን የፓርኪንግ መብራቱ አብሮ ይርገበገብ ነበር። ይህ የማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር፣ ችግር ምልክት ነው። አሮጌው አምፖል እንደበራ ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) በአምፖሉ ማሳና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ሲይዘው ከ1 ቮልት በላይ አነበበ፤ ጤነኛ ማሳ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ልኬቱን በኤልኢዲ ቢወስደው ኖሮ የሚያልፈው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ችግሩ ይደበቅ ነበር። የማሳውን ብሎን ፈትቶ፣ ዝገቱን ፍቆ መልሶ አሰረው።

ከዚያ ፍላሸሩን ለኤልኢዲ በተሠራ ቀየረው። የዚህ ኮሮላ ፍላሸር 8 እግር አለው፤ የግራን፣ የቀኝንና የሃዛርድን (ሁሉም ፍሬቻዎች አብረው የሚበሩበትን) ትእዛዝ ለየብቻ ይቀበላል፣ ለግራና ለቀኝም ለየብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ባለ 2 ወይም ባለ 3 እግር ገዝታችሁ እንዳትመጡ፤ አሮጌውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱና አመሳስሉ። ዓለም አቀፉ ደንብ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ብልጭታ ነው፤ እሱም ሰዓት ይዞ ቆጠረ።

ሬዚስተር የሚያስፈልገው ፍሬቻው በኮምፒውተር በሚታዘዝና የሚነቀል ፍላሸር በሌለው መኪና ነው። የተለመደው 6 ኦም 50 ዋት ሲሆን በፍሬቻው ሽቦና በማሳ መካከል ጎን ለጎን ይገባል። በመስመሩ ላይ በተከታታይ ከገባ ምንም አይጠቅምም። ሞተር ሲሠራ በበራ ቁጥር ከ30 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል፤ ስለዚህ በብረት ላይ በብሎን ይታሰር እንጂ ከፕላስቲክ ወይም ከሽቦ ጋር አይጠጋ። በቴፕ ጠቅልለው የሚተዉት መኪና ያቃጥላሉ!

ኤልኢዲው ብርቱካናማ ይሁን፤ ነጭ ከሆነ በብርቱካናማ መስታወት ውስጥ ገርጥቶ ይታያል። አዲሱ ፍላሸር አምፖል ሲቃጠል ስለማይቸኩል ሃዛርድ አብርታችሁ መኪናውን አልፎ አልፎ ዙሩት። ይህንንም የነገረኝ ሳልጠይቀው ነው።

ባለሙያውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ።